ሰባ ሁለት ኮሌታ በሰዓት

እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው የፋብሪካው መዝገብ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዘበኛው እስከ ፎርማኑ ሰው ሁሉ የሚጠራው ጋሽ ሰከንድ እያለ ነው። አንገቱ ላይ በጥቁር ማሰሪያ የተንጠለጠለ ስቶፕዋች፣ በብብቱ ሥር ወረቀት የተቆነጠጠበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ከጆሮው ጀርባ እርሳስ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲታይ የኖረው በዚህ መልኩ ነው። ሥራው ቆሞ ማየት ነው። አንዲት ሰፊ አንድ ኪስ ለመስፋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት ይለካል፣ ያካፍላል፣ ያባዛል፤ ከዚያ በሰዓት ስንት ኪስ መውጣት እንዳለበት ጽፎ ይፈርማል። እሱ የፈረመበት ቁጥር ከመስመሩ ፊት ለፊት ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ያ ኮታ ነው። ኮታ ከሆነ በኋላ የሚከራከረው ሰው የለም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም ከክፉ ሰው ይልቅ ሂሳብ የሚወድ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ለማየት ያስቸግራል። እሱ ሂሳብ ይወድ ነበር። ቧንቧ ከፍቶ ባልዲ ሲያስሞላ፣ ባልዲው አስራ ሁለት ሊትር፣ የፈጀው ሁለት ደቂቃ፣ እንግዲያው በደቂቃ ስድስት ሊትር ብሎ ካልጨረሰ ባልዲውን አያነሳም። ዳቦ ቤት ሲሰለፍ ከፊቱ ያሉትን አስራ አራት ሰዎች ቆጥሮ፣ ሻጩ በደቂቃ ሁለት ሰው እንደሚያስተናግድ አይቶ፣ «ሰባት ደቂቃ» ብሎ ለራሱ ይነግራል። አንዲት ወሬኛ መሃል ላይ ሻጩን የልጆቹን ጤና መጠየቅ ከጀመረች ግን ሂሳቡ ይፈርስበትና ቀኑን ሙሉ ይከፋዋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ባኮረፈችው ቁጥር፣ «በወር ስንት ጊዜ እንዳኮረፍኩ ጻፈዋ!» ትለው ነበር። ጽፎታል። ካረፈች በኋላ ወረቀቱን አግኝቶ፣ በወር አንድ ተኩል የሚለውን አይቶ፣ ቁጭ ብሎ አልቅሷል።

ማካፈል ያስተማረችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ አምስት፣ እሷ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያን ዓመት ልብስ ፋብሪካ ገብታ መስፋት ጀመረች፤ እሱን አበላች፣ አለበሰች፣ ትምህርት ቤት ሰደደች። ማታ ማታ የተራረፉ ቁልፎች በከረጢት ይዛ ትመጣና ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፋቸዋለች። «ስልሳ ቁልፍ፣ አምስት ሸሚዝ። ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ትለዋለች። «አስራ ሁለት፣ እትዬ!» ሲላት አገጩን ይዛ ትስመዋለች። ለእሱ «ለአንዱ ስንት» የሚለው ጥያቄ ከፍቅር ተለይቶ አያውቅም። ኋላ ላይ የጎዳውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ስቶፕዋቹን የተረከበው በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣ በሳምንቱ ነው። ሥራውን ያስገኘችለት እሷው ናት፤ ፎርማኑን ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ «ወንድሜ ቁጥር ያውቃል» ብላ። የመጀመሪያ ሥራው የኮሌታው መስመር ሆነ። ኮሌታ ከሸሚዝ ክፍሎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ጫፉ ሹል ካልወጣ፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልተኛ ሸሚዙ እንዳለ ይበላሻል። ፎርማኑ «ማንን ነው የምትለካው?» ሲለው ልጁ ተርበተበተ። ሰፊዎቹ አቀርቅረው ይስቁ ነበር። ያኔ ከሦስተኛው መኪና እህቱ እጇን አወጣች።

«እኔን ይለካኝ» አለች።

አስር ኮሌታ ሰፋች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አስሩ ሲያልቅ እሱ ሰዓቱን ተጫነ፤ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። አምስት መቶ ሰከንድ ለአስር ኮሌታ፣ ለአንዱ ሃምሳ ሰከንድ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ አለ፤ ለሃምሳ ሲካፈል ሰባ ሁለት። በስምንት ሰዓት አምስት መቶ ሰባ ስድስት። ቀሪ የሌለው፣ ንጹሕ ማካፈል ነበር። ፎርማኑ ወረቀቱን አይቶ፣ «ጎሽ፣ ሰው ሆነሃል» አለው። እህቱ ጀርባዋን እንደሰጠች ፈገግ ማለቷን ከትከሻዋ ያወቀ መሰለው።

ሂሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬም ማንም ቢያካፍለው ያው ሰባ ሁለት ነው የሚመጣው። ስህተቱ ያለው ከሂሳቡ በፊት ነበር፤ ይህን ለማወቅ ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀበት።

በመጀመሪያው ዓመት ከሃያ አራቱ የኮሌታ ሰፊዎች አስራ አንዱ ለቀቁ። ሰነፎች ናቸው ብሎ አለፈው። እህቱ ቀረች። ከሥራ ስትመለስ ሁለት እጆቿን ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክራ ትቀመጣለች። «እትዬ፣ ኮታው ከበደሽ እንዴ?» ሲላት፣ «አንተ ምን አገባህ? ሥራህን ሥራ» ትለዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ቁጥር ሰፋች። አንድ ቀን ጠዋት ጣቶቿ አልዘረጋ አሉ። መቀሱን ሌላ ሴት ከእጇ ፈልቅቃ አወጣችላት። በዚያው ወደ ቤት ተሰናበተች።

መርሳት የጀመራት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣደችውን ረሳች፣ ከዚያ የጎረቤት ስም፣ ከዚያ የወንድሟን መልክ። ልጇ ከሥራ ወጥታ ልታስታምማት አልቻለችምና ጠዋት ታበላትና በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር አስቀምጣት ትሄዳለች፤ ጎረቤት እየገባች ታያታለች። ታዲያ ሁሉን የረሳችው ሴት አንድ ነገር አልረሳችም። እጆቿ ይሰፋሉ። ጭኗ ላይ የሌለውን ጨርቅ ግራ እጇ ይመራዋል፣ ቀኟ ያጥፈዋል፣ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ እግሯ ወለሉን እንደ ፔዳል ይጫናል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ታዞራለች፤ ሲያልቅ በሁለት ጣቶቿ ክሩን ቀጭ አድርጋ ቆርጣ ከወንበሯ በስተቀኝ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ሌላ ታነሳለች።

ከወንበሩ በስተቀኝ ባለው ባዶ ወለል ላይ ማንም አይራመድም። አንድ ጊዜ ልጇ ሳህን ይዛ በዚያ ስታልፍ፣ «ኮሌታውን ረገጥሽው!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ሰብስቧል። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቦታውን ዞራ ነው የምታልፈው። ጋሽ ሰከንድም ዞሮ ያልፋል። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ክምሩ ወንበሩን አልፎ የመስኮቱን ደፍ ሲያክል የታየው መስሎት ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወለሉ ባዶ ነበር፤ የፀሐይ ብርሃን ብቻ ተኝቶበታል።

ድምፁም የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ዝርርር፣ ቆም፣ ዝርርር፣ ቆም፣ ቀጭ። አውቶቡስ ውስጥ ይሰማዋል፣ ሻይ ሲያማስል ይሰማዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማዋል። በየሃምሳ ሰከንዱ ቀጭ። ለሐኪም ቢነግር ጆሮውን አጥቦለት ሰደደው። ታጥቦም ይሰማዋል። እንዲያውም ጠርቶ።

አንድ ዓርብ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አስጠራው። በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል፣ ሰው አክባሪ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው።

«ለኮሌታው መስመር አዳዲስ ሞተሮች አስገብተናል» አለው። «ኮታው ሰማንያ ይሁን። እርስዎ አንድ ወረቀት አዘጋጅተው ይፈርሙበትና በሚቀጥለው ዓርብ ሰሌዳው ላይ ይውጣ። የማታደርስ ካለች እናሰናብታለን፤ በር ላይ የምትለምን ሞልታለች።»

ሰማንያ ማለት ለአንዱ ኮሌታ አርባ አምስት ሰከንድ ነው። ጋሽ ሰከንድ ይህን ያሰበው ሰውየው አፉን ሳይዘጋ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ጨርቁን የሚያዞረው እጅ ነው። ከሃያ አራቱ ሴቶች ግማሹ በወሩ ሜዳ ላይ እንደሚወድቁ አወቀ። ያም ሆኖ «አይሆንም» አላለም። እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወረደና፣ «ለክቼ ልምጣ» አለ።

እሁድ እህቱ ዘንድ ሄደ። ትራሷን ሊያስተካክልላት ከወንበሩ ኋላ ቆሟል። እጆቿ ይሰፋሉ። አርባ አምስት ይቻል እንደሆነ ለማየት እሱ ከሚያውቃቸው እጆች ሁሉ ፈጣኖቹ እነዚህ ናቸው ብሎ፣ በአንገቱ የተንጠለጠለውን ሰዓት ተጫነ። አንድ ኮሌታ፤ ስልሳ ስምንት ሰከንድ። ሰዓቱ የተበላሸ መሰለው። እንደገና ለካ። ስልሳ ሰባት። ስልሳ ዘጠኝ። በስነ ሥርዓት አስር ቆጠረ፤ አስራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ስድስት መቶ ሰማንያ ለአስር። ለአንዱ ስልሳ ስምንት።

አርጅታ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ሰዓቱን በብርሃን ለማየት ወደ መስኮቱ፣ ወደ ፊት ለፊቷ ዞረ። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ አረፈ። ወዲያው ጎባጣ ጀርባዋ ቀና አለ። እግሯ ወለሉን ተጫነ፤ እጆቿ በረሩ። የጋሽ ሰከንድ ጣት በራሱ ተጫነ፤ ሃምሳ። ሌላው፤ ሃምሳ። ሌላው፤ ሃምሳ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ከኋላዋ ሄዶ ቆመ። እጆቿ ቀስ በቀስ ረገቡ። ስልሳ ስምንት።

አራት ጊዜ ደጋገመው። አራት ጊዜም ያው ሆነ። የእህቱ ልጅ ከማድ ቤት ወጥታ፣ «ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ!» አለችው። «ምንም» አለና ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ደረጃው ላይ ቆሞ አካፈለ። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ለስልሳ ስምንት፤ ሃምሳ ሦስት ገደማ። የእጇ እውነተኛ ልክ በሰዓት ሃምሳ ሦስት ነው። ሰባ ሁለት የሚባለው እሱ ሰዓት ይዞ ፊቷ ሲቆም ብቻ፣ ለስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ብቻ የነበረ ቁጥር ነው። እሱ ግን ስምንት ደቂቃውን ወስዶ ወደ ስምንት ሰዓት አበዛው፤ ስምንቱን ሰዓት ወደ ሠላሳ ዓመት። በሰዓት አስራ ዘጠኝ ኮሌታ ትርፍ፣ በቀን መቶ ሃምሳ ሁለት። በሃያ አራት ሴት በቀን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ስምንት። ከዚያ በላይ ማባዛት አልፈለገም። የአንድ ሰው ሩጫ አይተህ በሰዓት ይህን ያህል ይጓዛል ብትል፣ ሰውየው አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲሮጥ ካየኸው ምን ዋጋ አለው? ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እሱ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት ደረጃ ላይ ቆሞ ተማረው። ለምን ሮጠች? ይህን ግን አላወቀም። ሰዓት ሲያዩ ሁሉም ይጣደፋሉ፣ ሰው ነው፣ ብሎ አለፈው።

ሰኞ ጠዋት ኮሌታው መስመር ላይ ቆሞ አየ። ሠላሳ ዓመት ሲያየው የኖረውን ማለት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከመስመሩ መጨረሻ ያለውን ባለ ቧንቧ የውሃ በርሜል እየጎተተች ታልጎመጉማለች።

«ይሄን በየቀኑ እሞላለሁ፣ በየቀኑ እደፋለሁ። እነዚህ ሴቶች ግመል ናቸው እንዴ?»

ጋሽ ሰከንድ በርሜሉን አየ። አርባ ሊትር ይይዛል። ባለፈው የሥራ ቀን የተረፈው ስንት ነው ቢላት ሠላሳ አራት ገደማ አለችው። ስድስት ሊትር ለሃያ አራት ሴት፤ ለአንዷ ሩብ ሊትር፤ በስምንት ሰዓት አንድ ብርጭቆ። ቆራጮቹ ክፍል ገባ፤ እዚያ አስራ ሁለት ወንዶች ናቸው፣ በሰከንድ አይለኩም፣ እየተቀላለዱ ነው የሚሠሩት። ያው ዓይነት በርሜል፣ የተረፈው አስራ ስድስት። ሃያ አራት ሊትር ለአስራ ሁለት፤ ለአንዱ ሁለት ሊትር። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ሙቀት፣ ስምንት እጥፍ ልዩነት። ያ በርሜል ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። ሁሉን ነገር የሚያካፍለው ሰው እሱን ብቻ አላካፈለውም።

የመስመሩ አንጋፋ አንዲት ባለ መነጽር ሴት ናት። የእህቱን መኪና የወረሰችውም እሷ ናት። በምሳ ሰዓት ዳቦዋን እየገመጠች ስትሰፋ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ውሃ ለምን አትጠጡም?»

ባለ መነጽሯ እጇን ሳታቆም ሳቀች። «ጋሽ ሰከንድ ዛሬ ምን ነካው? ውሃ ከጠጣሁ ሽንት ቤት መሄዴ ነው። ሽንት ቤት ስድስት ኮሌታ ነው።»

«ስድስት ምን?»

«ኮሌታ። ደርሶ መልስ። ክር ሲበጠስ አንድ ኮሌታ፣ መርፌ ሲሰበር ሦስት። ሻይ አስራ ስምንት ኮሌታ ስለሆነ ማንም አይወጣም። ማልቀስ ሁለት ኮሌታ፤ ከዚያ በላይ ካለቀስሽ ጎረቤትሽ ታግዝሽና እሷም ትጎድላለች።» ክሩን ቆረጠች። «ለአዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የምናስተምራቸው ይሄንን ነው። ምነው፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያወጣኸው?»

ቁጢጥ እንዳለ አንድ ነገር ለመናት፤ ነገ አንድ ቀን ሙሉ እቤቷ እንደምትሰፋ ሆና እንድትሰፋ፤ ሲጠማት እንድትጠጣ፣ ሲያስፈልጋት እንድትወጣ፣ መርፌ ሲሰበር ተረጋግታ እንድትቀይር። የጎደለው በእሱ ስም ይመዝገብ። ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ አጠገቧም አይደርስም፤ ሲመሽ ያለቁትን ብቻ ይቆጥራል።

«ወጥመድ ነው?» አለችው በመነጽሯ ላይ አሻግራ እያየችው።

«በእትዬ ሞት፣ አይደለም።»

«እንዴት ናት እሷስ?»

«ትሰፋለች» አለ።



ማክሰኞ ሲመሽ ቆጠረ። አራት መቶ አርባ። ለስምንት ሰዓት ሲካፈል ሃምሳ አምስት። ረቡዕ ሌላ ሴት ለመነ፣ ሐሙስ ሌላ፤ አንዷ ሃምሳ ሦስት፣ አንዷ ሃምሳ ስድስት። ሰው ሲጠጣ፣ ሲወጣ፣ ወገቡን ሲያፍታታ የሚሠራው ይህን ነው። ሐሙስ ማታ የወረቀቱን ንጹሕ ግልባጭ ሲጽፍ ያ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ይመታ ነበር።

ዓርብ ቢሮ ገባ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ የሳቀው ብቻውን እንደሆነ ሲያይ ተወው።

«ሰማንያ አልኩዎት፤ እርስዎ ሃምሳ አምስት ይዘው መጡ። ሴቶቹ ሠላሳ ዓመት ሰባ ሁለት ሲያወጡ ኖረዋል እኮ። የማይቻል ከሆነ እንዴት ቻሉት?»

«ውሃ ባለመጠጣት።»

«ምን?»

ጋሽ ሰከንድ ስለ በርሜሉ ነገረው። ስድስት ሊትር ለሃያ አራት፣ ሃያ አራት ሊትር ለአስራ ሁለት። ስለ ስድስቱ ኮሌታ፣ ስለ ሁለቱ ኮሌታ ለቅሶ ነገረው። ሰውየው ክፉ ስላልነበረ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የድሮውን ማህደር አወጣ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል።

«ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አንድ ሰፊ ብቻ ነው የለኩት። አስር ኮሌታ ብቻ። ማን ነበረች?»

«እህቴ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አስቀምጦ ዓይኑን በጣቶቹ አሸ። «ይስሙኝ፣ አባባ። ከላይ ላሉት ሰዎች ‹ደክሟቸዋል፣ ቀንሱላቸው› ብዬ መጻፍ አልችልም። ‹የመጀመሪያው ልኬት የተሳሳተ ነበር› ብዬ ግን መጻፍ እችላለሁ። እሱን ከጻፍኩ ደግሞ የተሳሳተው ሰው እዚህ ሊቆይ አይችልም። ይግባዎት። ወይ ሰማንያውን ይፈርሙና እንደነበሩ ይቀጥሉ፤ ጡረታዎ ሁለት ዓመት አይቀረውም። ወይ ይሄንን ይፈርሙ።»

«ሃምሳ አምስት ያደርጉታል?»

«ስልሳ። በደቂቃ አንድ፤ ለመቁጠርም ይመቻል።»

ስልሳ ከሃምሳ አምስት በአምስት ኮሌታ ይበልጣል፤ በቀን አርባ። አሁንም የማንም እጅ ልክ አይደለም። ጋሽ ሰከንድ ይህን ያውቃል። ግን ከሰማንያው በሃያ ይሻላል። «ውሃውስ?» አለና ራሱ ቀጠለ፤ «ሴቶቹ በቀን ሁለት ጊዜ አስር አስር ደቂቃ ይውጡ፤ እሱም ይጻፍ።» ሰውየው ጻፈው። ጋሽ ሰከንድ ፈረመ። ሰዓቱን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አንገቱ እንደ በረደው ተሰማው። በኮሌታው መስመር በኩል ሲወጣ ጠመኔ የያዘው ፎርማን ሰባት ቁጥርን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። ባለ መነጽሯ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን ሊቆም አልቻለም፣ እንባው መጥቶበታል።

ቤቱ መሄድ አስፈራው። በዚያው ወደ እህቱ ዘንድ አቀና። ቀትር አልፏል፤ የእህቱ ልጅ ሥራ ላይ ናት። ጎረቤቲቱ በሩን ከፍታለት ወደ ቤቷ ተመለሰች። እትዬ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትሰፋለች። በወለሉ ላይ ያለውን ክምር ዞሮ ትንሽ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ፊት ለፊቷ ሰው መቀመጡን ብቻ አይታ ጀርባዋ ቀና አለ። እጆቿ በረሩ።

«እትዬ፣ ሰዓት የለም። ተይው፤ ቀስ በይ።»

«ዝም በል!» አለችው በሹክሹክታ። ዓይኗን ከጭኗ አላነሳችም። «መካኒኩ ነህ አይደል? ዛሬ መኪናዬን እንዳትነካካብኝ። ወንድሜ ሰዓት ይዞ ቆሟል።»

«ወንድምሽ?»

«ልጁ። የመጀመሪያ ቀኑ ነው። እነዚያ ሁሉ ይስቁበታል፣ አይሰማህም? እጁ ይንቀጠቀጣል የኔ ጌታ።» ክሩን ቀጭ አድርጋ በስተቀኟ አስቀመጠች፤ ሌላ አነሳች። «ቀርፋፋ ለክቶ እንዳይመልሱት ብዬ ነው። አንድ ትንፋሽ ነው የያዝኩት።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሰፊው?»

«ምን፣ አብጃለሁ? ለዛሬ ብቻ ነው። ነገ በራሴ ልክ እሰፋለሁ።»

ጋሽ ሰከንድ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የተጣደፈችው ሰዓት አይታ እንዳልነበረ፣ የተጣደፈችው እሱን አይታ እንደነበረ አሁን ገባው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእነዚያ ጣቶቿ፣ ከዚያም በኋላ በዚህ ወንበር ላይ ሆና፣ ነገን ስትጠብቅ ኖራለች። ላቧ በሽበቷ ሥር ይወርዳል።

«ልጁ ሄዷል» አላት።

እጆቿ ዝግ አሉ። «ሄደ?»

«ጨርሶ ሄደ። ከእንግዲህ አይመጣም።»

«ምነው፣ አባረሩት እንዴ?» ድምፅዋ ተሰበረ።

«ኧረ አላባረሩትም። ሥራውን ጨርሶ ነው። ወጥቷል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አንስታ አየችው። አላወቀችውም። ግን የመካኒክ ፊት እንኳ የሚለመንበት ጊዜ አለና ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ቁጥሩን በደንብ ጻፈው?»

ከአንድ ሰዓት በፊት እውነቱን ጽፎ ከሥራው ወጥቷል። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር።

«በደንብ ጻፈው፣ እትዬ» አላት። «በጣም በደንብ። ፎርማኑም ጎሽ አለው።»

«እሰይ» አለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አኖረች፤ ነጠላ ጫማዋም ወለሉ ላይ ዝም አለ። ሌላ ኮሌታ አላነሳችም። ሁለቱ እንደዚያ ተቀምጠው ሳሉ ልጇ ከሥራ መጣች፤ በሩን ከፍታ የእናቷ እጆች መቆማቸውን ስታይ ደንግጣ ቦርሳዋን ጣለች።